ወለሉ ሲናገር

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለአባዮ ኢፍራህ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህች ወረቀት እጅሽ ስትገባ ጤናሽ የተሟላ፣ ልብሽ የረጋ ሆኖ እንድታገኝሽ አላህን እለምናለሁ። እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽስ? በስልክ «ተሻለኝ» ስትይ ሰምቻለሁ፤ ድምፅሽ ግን የተሻለው ሰው ድምፅ አልነበረም። የጅዳ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? የምትሠሪበት ቤት ሰዎች ደህና ናቸው? ትንሿ ልጅ አሁንም ኢፍራህ ካላጎረሰችኝ አልበላም ትላለች? እንቅልፍ ታገኛለሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ወደ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተዛውሬያለሁ፤ ከክፍሉ አራተኛ ወጣሁ። ወንድማችን አቦዌ ሉቅማን ቢኖር «ሦስቱ ምን በልተው ነው?» ይለኝ ነበር። አጎታችን አብቲ አብዱላሂ ከነልጆቹ ደህና ነው። ጎረቤታችን ማዘንጊያም ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። እናታችን ሆዮም በጤናዋ ደህና ናት። በጤናዋ ያልኩት አስቤበት ነው።

በወረቀት የምጽፍልሽ ስልክ አጥቼ አይደለም። ስልኩ ከሆዮ እጅ አይለይም። ድምፅ ብልክልሽ ትሰማዋለች፤ ጽሑፍ ብልክልሽ ደግሞ ማዘንጊያን ጠርታ ታስነብባታለች። በሰው እጅ የምልከውን የአማርኛ ወረቀት ግን የሚያነብላት የለም። ቀፊራ ገበያ ጨርቅ የምትሸጠው ዳሃቦ ለዑምራ ወደ እናንተ ስለምትመጣ በእጅሽ ልታስረክብልኝ ቃል ገብታልኛለች። አንብበሽ ስትጨርሺ ቅደጂው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነሐሴ ደረሰ፤ ቤታችን ደግሞ ዛሬም ደቻቱ ደረቅ ወንዝ ዳር ነው። አብቲ አብዱላሂ ከወንዙ ርቆ ሳቢያን ባለው ግቢው ውስጥ አንድ ክፍል ቀለም ቀብቶ፣ በሩን አስጠግኖ አዘጋጅቶልናል። ሁለቴ ባጃጅ ይዞ ሊወስደን መጣ። ሆዮ ሁለቴም ሻይ አጠጥታ፣ መርቃ መለሰችው። አንቺም ከዚያ ሆነሽ ውጡ ብለሽ እስኪታክትሽ ለምነሻታል። ለምን እምቢ እንደምትል ማናችንም አናውቅም ነበር። አሁን እኔ አውቄያለሁ። እንድትረጂኝ ከሰብዉፈሩ፣ ከዚያ ባለ ወፍራም ድምፅ ሳጥን መጀመር ይኖርብኛል።

ስሙን ስጠራው ልብሽ እንደሚደነግጥ አውቃለሁ። ዕቃውን ከላክሽልን ወዲህ ለሆዮ አንድ ቀን እንኳ ስሙን አንስተሽላት አታውቂም። እኛም አላነሳነውም። ዐምና ነሐሴ ላይ ሉቅማን የላክሽውን ካርቶን ከፍቶ ድምፅ የሚያጎላውን ሪሲቨር ከቴሌቪዥኑ ሥር ሲያስቀምጥ፣ ትንንሾቹን ስፒከሮች ግድግዳው ላይ ሲሰቅል እኔ ቁርኣን ቤት ነበርኩ። ሁሉንም አገጣጥሞ ትልቁ ጥቁር ሳጥን ብቻ ቀረው። ሳጥኑን ከሪሲቨሩ ጋር የሚያገናኘው አንድ ገመድ ካርቶኑ ውስጥ አልነበረም። እሱን ሊገዛ ታይዋን ገበያ ሄደ። ሲመለስ እንደ ድሬ ሰው ሁሉ ድልድዩን ትቶ በወንዙ አሸዋ አቋረጠ። ድሬ ላይ ጠብ ያለ ነገር አልነበረም፣ ፀሐይ ነበር፤ ዝናቡ የጣለው ላይ ደንገጎ ተራራ ነው። የቀረውን ታውቂያለሽ፣ አልደግመውም። አንድ የማታውቂው ነገር ግን አለ። ልብሱን ሲሰጡን ገመዱ ኪሱ ውስጥ ነበር፣ ከነላስቲኩ። ሆዮ አሸዋውን በሳሙና አጥባ አደረቀችውና ቡፌው መሳቢያ ውስጥ፣ ከአንቺ ፎቶ ሥር አስቀመጠችው።

ሳጥኑ ከዚያ ወዲህ ጨርቅ ለብሶ ማዕዘኑ ላይ ቆመ። አንድ ቀን ማዘንጊያ በርጩማ መስሏት ልትቀመጥበት ስትል ሆዮ ክንዷን ይዛ ወደ ሌላ መቀመጫ አሻገረቻት። ቴሌቪዥንም አልከፈትንም። ጎረቤት እግር ኳስ ሲያይ ጩኸቱን በግድግዳ እየሰማሁ ማን እንዳገባ እገምት ነበር።

ዐረፋ ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ሆዮ መሳቢያውን ከፍታ ገመዱን እጄ ላይ አኖረችው። እንደ ወጋችን እኔንም መልሳ ሆዮ እያለች፣ «ኸባብ ሆዮ፣ ወንድምህ የጀመረውን ጨርስ፤ ግማሽ ሥራ ቤት ውስጥ ሲቆይ ደግ አይደለም» አለችኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም። ሐዘኗ ሊለቃት ነው፣ አንድ ማታ ተቀምጠን ፊልም ልናይ ነው ብዬ አሰብኩ። ለመጠየቅ ወደ ዐያንሌ ሄድኩ።

ዐያንሌን ታስታውሺዋለሽ፤ ታይዋን ውስጥ በዚያች ጠባብ ሱቅ ሬድዮና ቴሌቪዥን የሚጠግነው፣ ወፍራሙ የሉቅማን ጓደኛ። ያንን ገመድ የሸጠለት እሱ ነው። ቀልድ የማያልቅበት ሰውዬ ገመዱን ሲያይ ሳይቀልድ ከእጄ ወሰደው። ጫፎቹን በጥፍሩ ሲፍቅ ቆየና «አዲስ ልስጥህ፣ ይሄ ውሃ ጠጥቷል» አለኝ። ሆዮ ከዚህ ሌላ አትፈልግም አልኩት። ጫፎቹን በብርጭቆ ወረቀት አሸት አሸት አድርጎ በመለኪያው ሞከረው። መለኪያው ጮኸ። «ወላሂ ይሠራል!» አለና የገዛ ድምፁ አስደነገጠው።

ከዚያ ወሬ ለማስቀየር ይመስለኛል፣ አገጣጠሙን ያስተምረኝ ጀመር። ሪሲቨሩ ጀርባ ላይ ሰብዉፈር ተብሎ የተጻፈባት፣ ብቻዋን የቆመች ቀዳዳ አለች፤ አንዱ ጫፍ እሷ ውስጥ ይገባል። ሌላው ጫፍ ሳጥኑ ጀርባ ላይ ኤልኤፍኢ ከሚለው ቀዳዳ ይገባል። የሳጥኑ ቮሊየም ግማሽ ላይ ይሁን፤ ወፍራሙን ድምፅ ከቀጭኑ የሚለየውን ቁልፍ ግን እስከ ጥጉ አዙረው፣ መለየቱን ሪሲቨሩ ይሥራው፤ «ሁለት አለቃ ያለበት ሱቅ ሲከስር አላየህም?» አለኝ። ደግሞ ሪሲቨሩን ከፍተህ ሰብዉፈር አለ ብለህ ንገረው፣ ካልነገርከው አያውቅም፣ «እንደ አማች ነው፣ ካልጠሩት አይገባም» አለ። ከሁሉ በላይ ሁለቱንም አንድ ዲቫይደር ላይ ሰካ፤ አንዱን እዚህ ግድግዳ፣ አንዱን እዚያ ግድግዳ ከሰካሃቸው ሳጥኑ በባዶው ያጉረመርማል ብሎ አስጠነቀቀኝ። ገንዘብ ልሰጠው ስል እጄን ገፋው። ልወጣ ስል ግን ያንኑ እጄን ያዘና «በድልድዩ ሂድ እሺ? አቦ ማልልኝ» አለኝ። ማልኩለት።

ዲቫይደሩ ላይ ቦታ ስላልነበረ ሳጥኑን ከመስኮቱ ሥር ካለው ሶኬት ሰካሁት፤ ዐያንሌ ያለውን ረስቼ ሳይሆን ለጊዜው ብዬ ነው። ገና ምንም ሳልከፍት፣ ዘፈን የለ ፊልም የለ፣ ሳጥኑ ከሆዱ ማጉረምረም ጀመረ። ከፍ ያለ ድምፅ አልነበረም። ከጆሮ ይልቅ ተረከዝ ላይ የሚሰማ ነገር ነው። ቡፌው ውስጥ የሻይ ብርጭቆዎቹ እርስ በርስ ይነካኩ ጀመር፤ ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ። ሆዮ ከማድ ቤት እጇ ውሃ እያንጠባጠበ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። እኔን አላየችኝም፤ ሳጥኑንም አላየችውም። ብርጭቆዎቹን ነበር የምታየው።

ያስደነገጣት መስሎኝ ከዲቫይደሩ አንዱን ነቅዬ ሳጥኑን እዚያ ሰካሁት። ጉርምርምታው ወዲያው ጠፋ፤ ቤቱ ጸጥ አለ። ኮርቼ ዘወር ስል ሆዮ ፊቷ ተለዋውጦ ነበር። «የት ወሰድከው?» አለችኝ። ብልሽት እንደ ነበረና እንዳስተካከልኩት ነገርኳት። «ብልሽቱን መልሰው» አለችኝ።

አባዮ፣ መለስኩላት። ምን ላድርግ? ከዚያ ቀን ጀምሮ የዐስር ሶላት ሰግዳ ስትጨርስ ሳጥኑን ከመስኮቱ ሥር ታስበራለች፣ ምንጣፏን ታነጥፋለች፣ መዳፏን ሳጥኑ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። የሚታይ ነገር የለም፣ የሚዘፍን ነገር የለም። ማዘንጊያ በአጥሩ በኩል «ምነው፣ ትልቅ ፍሪጅ ገዛችሁ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ አዎ አልኳት። ሆዮ ዓይኗን ጨፍና «ትንሽ አወፍረው» ትለኛለች፤ ቮሊየሙን እጨምራለሁ። «አይደለም፣ ቀንሰው። ይሄ የሚንቀጠቀጠው ከላይ ነው፤ ያ ከሥር ነበር» ትላለች። የትኛው ነው ብዬ ስጠይቃት መዳፏን ሳጥኑ ላይ ጠበቅ ታደርጋለች። አእምሮዋ እየሸሸ መስሎኝ ለአብቲ አብዱላሂ ነገርኩት። ሼኽ አምጥቶ ቁርኣን አስቀራላት። ሆዮ አክብራ አዳመጠች፣ አሚን አለች፣ ሼኹን ሸኝታ ስትመለስ ሳጥኑን አብራው አለችኝ።

ሐምሌ ከገባ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት ደንገጎ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። መዳፏ ሳጥኑ ላይ እንዳለ ነገሩን ሁሉ ነገረችኝ፤ ሩቅ አገር ስለሚኖር ሰው የምታወራ ነበር የሚመስለው። ያን ቀን ሉቅማን ከቤት ሲወጣ «ስመለስ ወለሉ ነው የሚናገረው፤ እግርሽ ሥር ትሰሚዋለሽ» ብሏት ኖሯል። እሷ ማድ ቤት ሩዝ ታጥባለች። ጥቂት ቆይቶ ወለሉ እግሯ ሥር ተናገረ። ብርጭቆዎቹ ይነካኩ ጀመር። ሆዮ ሳቀች። መቼ ገባ፣ ሳላየው ገብቶ ገጠመው አለች በልቧ። ድምፁ እየጠነከረ ሲመጣ ከማድ ቤት ሆና «ዋሪያ ሉቅማን! ቀንሰው! ጎረቤት አለ!» ብላ ጮኸች። ደግማ ጮኸች። እንደገና ልትጮህ አፏን ስትከፍት ነው ከውጭ የሰዉን ኡኡታ የሰማችው።

አባዮ፣ ጎርፉን ነው ቀንሰው ያለችው።

ይህን ለማንም አልተናገረችም። ለቅሶ ቤት ተቀምጣ ሰው ሁሉ እየመጣ ሲያጽናናት አንድ ነገር ብቻ ስታስብ ነበር። ያንን ድምፅ ከሰብዉፈር ድምፅ መለየት ይቻል ነበር ወይስ አይቻልም? የሚቻል ከሆነ ሩዙን ጥላ ወጥታ፣ የወንዙ ዳር ግንብ ላይ ቆማ ስሙን ብትጠራው ኖሮ፣ ያ ረጅም እግሩ ያወጣው ነበር። የማይቻል ከሆነ ደግሞ ጥፋት የላትም። ይህን ሳታውቅ ከቤቱ አልወጣም ያለችው ለዚህ ነው። ሳቢያን እኮ ወለሉ አይናገርም። ገመዱን የሰጠችኝም ፊልም አምሯት አልነበረም።

አሁን ደግሞ ያለፈው ሳምንት የሆነውን ስሚኝ። ሐሙስ ነበር። ድሬ ላይ ሰማዩ ንጹሕ፣ ሙቀቱ እንደ ምድጃ። ሆዮ እንደ ልማዷ ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጣለች፤ እኔ የሚቀጥለውን ዓመት ፊዚክስ ከጓደኛ ተውሼ አነባለሁ። መብራት ሄደ። የሳጥኑ ቀይ መብራት ጠፋ፣ ጉርምርምታው ተቋረጠ፣ የጎረቤት ሬድዮም ዝም አለ። ብርጭቆዎቹ ግን አላቆሙም። ቅጭ፣ ቅጭ፣ ቅጭ። እኔና ሆዮ ተያየን። እጇን ከሳጥኑ ላይ አንሥታ ወለሉ ላይ አደረገችው። «ከሥር ነው» አለች። እንደዚያ ያለ ፊት ሰው ላይ አይቼ አላውቅም፤ ፍርሃት ብቻ አልነበረም፣ የጠፋባትን ዕቃ ያገኘች ሴትም ትመስል ነበር።

ጋርባሳሯን ትከሻዋ ላይ ሳትጥል፣ ባዶ እግሯን ሮጣ ወጣች። አሸዋው ላይ የሰፈራችን ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ ሞሐሙድ የሚባል የአፈተ ኢሳ ሰፈር ሰው ባጃጁን ያጥባል፤ አንዲት ፍየል የምትነዳ ሴትዮም በማዶ አለች። ሆዮ ግንቡ ላይ ቆማ በሶማሊኛ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ «ዳድ! ሎላ! ጎርፍ!» እያለች ጮኸች። ሴትዮዋ አንድ ቃል አልጠየቀችም፣ ፍየሎቿን ደብድባ ወጣች። ልጆቹ ግን ወደ ሰማይ አይተው ሳቁ። አንዱ «ሆዮ ፋዱማ፣ ጎርፉ በባቡር ነው የሚመጣው?» አላት። ሞሐሙድ ደግሞ ጨርቁን እየጨመቀ «ሰማዩን እይው እንጂ፣ ተወልውሎ የተቀመጠ ሰሐን ነው የሚመስለው!» አለ። ለካስ ስለ እሷና ስለ ሳጥኑ ሰፈሩ ሁሉ ያወራ ኖሯል።

አባዮ፣ ከዚያ ያደረገችውን ብታዪ። በደረጃው ወርዳ አሸዋው መሐል ገባች። የምትወሰድ መስሎኝ ጮህኩ። በቀጥታ ወደ ልጆቹ ሄዳ ኳሳቸውን ከእግራቸው ሥር አፈፍ አደረገችና ይዛው ወደ ላይ ሮጠች። ልጆቹ እየተሳደቡ፣ «ኳሳችንን! ዋይ፣ ሴትዮዋ ለይቶላታል!» እያሉ ከኋላዋ ተከተሏት። አንድም አልቀረም፤ ለጎርፍ ያልሮጡ ለኳስ ሮጡ። ሞሐሙድ ቆሞ ሲስቅ ቆየና በድንገት ሳቁ ቆመ፤ ያኔ ነው እሱም በእግሩ የሰማው። ባጃጁን ሊያስነሳ አንድ ጊዜ ሞከረ፣ አልነሣም፤ ትቶት ሮጠ። ደረጃው ላይ ሲደርስ ውሃው ከወንዙ መታጠፊያ ብቅ አለ፤ ቡናማ፣ ከነግንዱ ከነበርሜሉ። ባጃጁን እንደ ክብሪት ቀፎ ገልብጦ ወሰደው። ሆዮ ኳሱን እንዳቀፈች ነበር።

ሰው ተሰበሰበ። ሞሐሙድ ተንበርክኮ እጇን ሳመ። የልጆቹ እናቶች እያለቀሱ አቀፏት፤ ማዘንጊያ እልል አለች። እኔም በልቤ አልሐምዱሊላህ፣ ተፈታች አልኩ፤ የዚያን ያህል ልጅ ማትረፍ ካልፈታት ምን ይፈታታል? ወደ ቤት ስንገባ በሩን ዘጋችና ግድግዳውን ተደግፋ «ይለያል፣ አይደል?» አለችኝ። አዎ ሆዮ፣ ለይተሽ አወጣሻቸው አልኳት። «መለየት ይቻል ነበር ማለት ነው» አለች። ያኔ ገባኝ። ሁላችንም ያመሰገንንበት ነገር ለእሷ ፍርድ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ባሰ። ሳጥኑን ንቀለው አለችኝ፣ አያስፈልጋትም። አሁን ወለሉ ላይ ነው የምትተኛው፣ ጆሮዋን ምንጣፉ ላይ አድርጋ። ብርጭቆዎቹን በጋዜጣ ጠቅልዬ ካርቶን ውስጥ ከትቻቸው ነበር፤ ከትምህርት ቤት ካርድ ተቀብዬ ስመለስ አንድ በአንድ አውጥታ፣ አቀራርባ፣ እንዲነካኩ አድርጋ ደርድራቸው አገኘሁ። አብቲ አብዱላሂ ሲመጣ «ልጆች አሸዋው ላይ እያሉ ጆሮዬን ይዤ የት እሄዳለሁ?» አለችው። የሚያስፈራኝ ደግሞ ሰዉ ነው። ድሮ ደንገጎ ሲጠቁር ቢያንስ ግማሹ በድልድዩ ይሄድ ነበር። ዛሬ ግን «ፋዱማ ካልጮኸች ምንም የለም» እያለ ይወርዳል። ትናንት ደንገጎ እንደ ከሰል ጠቁሮ ልጆቹ አሸዋው ላይ ነበሩ። ውጡ ስላቸው «እናትህ ዝም ብላለች እኮ!» አሉኝ። እናቴ ግን ደክሟት፣ ተቀምጣ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። አንድ ቀን እንቅልፏና ውሃው ይገጥማሉ። ያን ቀን የሚወሰደው ልጅ እናት ወደ ማን እንደምትመጣ አስቢው። ያን ቀን ሆዮ እንደማትተርፍ እኔ አውቃለሁ።

በፊዚክሱም ሞከርኩ። ያን ቀን ሰብዉፈር ምን እንደሚመስል ሰምተሽ አታውቂም ነበር፤ ዛሬ የለየሽው ሳጥኑን ስትሰሚ ስለከረምሽ ነው፤ ዐምና ከምን ጋር አስተያይተሽ ትለዪው ነበር? አልኳት። እውነቱም ይሄው ነው። ራሴን ዳሰሰችኝና «ልጅ ነህ፤ ለእኔ አዝነህ ነው» አለችኝ። አብቲ ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው ይላታል፤ ሼኹ ሶብር አድርጊ፣ ታገሺ ይላታል፤ ማዘንጊያ ማን ያውቃል ብለሽ ነው ትላታለች። ለሁሉም እሺ ትላለች፤ ከንፈሯ ነው የሚለው።

ብዙ አሰብኩ። ሆዮ የሚያጽናናት ሰው አላጣችም። የምታጽናናው ሰው ነው ያጣችው። እኔ ፊቷ አልቅሼ አላውቅም፤ ወንድ ልጅ ነህ ተብዬ፣ ጠንካራ ልሁንላት ብዬ። አሁን ላለቅስም ብል አውቄ ያደረግኩት ይመስላታል። አንቺ ግን አባዮ፣ በረመዳን ስልኩ እኔ እጅ በነበረ ጊዜ የነገርሽኝ ነገር አለ። ለእኔ ጫማ ካርቶኑ ውስጥ ልትጨምሪ ስትይ የውስጡን ስፖንጅ አውጥተሽ እንደጣልሽው፣ ገመዱ ከስፖንጁ ጋር ሄዶ ሳይሆን እንደማይቀር ነግረሽኛል። ለሆዮ እንዳትነግር ብለሽ አስምለሽኛል። መሐላዬን ጠብቄያለሁ። ጫማውን አንድ ቀንም አላደረግኩትም፣ አሁን ደግሞ ጠቦኛል። ሰው ሁሉ ወደ አገር ቤት በሚልከው ካርቶን ውስጥ ባዶ ቦታ አይተውም፤ አንቺም ያደረግሽው ያንን ብቻ ነው። ይህን እኔ ብነግርሽ ግን አታምኚኝም፣ ልክ ሆዮ እንደማታምነኝ።

ስለዚህ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ስለ ቤቱ፣ ስለ ሳቢያን፣ ስለ ነሐሴ አታንሺባት። እኔ እንደጻፍኩልሽም አታሳውቂያት። ጠዋት ደውዪ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ አይሁን፣ በዚያ ሰዓት ጆሮዋ ወለሉ ላይ ነው። ደውዪና ስለ ስፖንጁ ንገሪያት። ሳትጠነቀቂ፣ ለእኔ ያለቀስሽውን ያህል አልቅሺባት። እኔ ሆዮን አውቃታለሁ፤ ገና ሳትጨርሺ «ኢፍራህ ሆዮ፣ በምን ታውቂ ነበር? ማን ያውቃል?» ማለቷ አይቀርም። አንቺም ቶሎ እሺ አትበያት። ማወቅ ነበረብኝ በያት፣ ተከራከሪያት፣ ደግማ ደጋግማ ትበልሽ። ያንን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ሺህ ጊዜ ሰምታዋለች፤ ከራሷ አፍ ግን ሰምታው አታውቅም። ምናልባት ሲወጣ ትሰማዋለች። ጆሮዋ እንደሆን እንኳን የሰው፣ የወለል ቃል ይሰማል።

እንደሚያማት አውቃለሁ። አንቺንም ያምሻል። ልብሽ ካልቻለ አልፈርድብሽም። ግን ሌላ መንገድ አላየሁም፣ ጊዜም የለንም። ቃሏን ከሰማችው ያኔ አብቲ ባጃጅ ይዞ ለሦስተኛ ጊዜ ይመጣል፤ የምንጭነው ብዙ ዕቃ አይደለም። ሳጥኑንም ይዘነው እንሄዳለን፣ ሳቢያን ከሪሲቨሩ ጋር አንድ ዲቫይደር ላይ እሰካዋለሁ። አንቺ ስትመጪ ፊልም እናይበታለን።

አብቲ አብዱላሂ፣ ሚስቱና ልጆቹ ሰላም ብለውሻል። ማዘንጊያን በጣም ናፍቀሻታል፤ «የጉልበት ቅባት ባትልክልኝም እሷ ትምጣልኝ» ብላለች። ዐያንሌ ሰላምታውን ሲልክልሽ አንገቱን ደፍቶ ነው። ሞሐሙድ ባያውቅሽም የሆዮ ልጅ ስለሆንሽ ሰላም ይልሻል። ሆዮ ለማን እንደምጽፍ አላወቀችም፤ ብታውቅ ግንባርሽን ትስምሽ ነበር። ዳሃቦን ጥሩ ነገር አብልተሽ ሸኚልኝ፣ ለምታጎርሻት ትንሽ ልጅም ሰላም በይልኝ። ሐረም መስጊድ ስትገቢ ለአቦዌ ሉቅማን ዱዓ አድርጊለት፤ እኔ ስሙን ስጠራ ገና ይጨንቀኛል።

ዳሃቦ ልትሄድ በር ላይ ቆማለች። ደንገጎ ዛሬም ጠቁሯል። ብርጭቆዎቹ እስካሁን ዝም ብለዋል፤ ሆዮ ምንጣፉ ላይ ናት፣ ተኝታ ይሁን እየሰማች ከዚህ ሆኜ መለየት አልቻልኩም። ደብዳቤውን ሰጥቼ ወደ ግንቡ እወጣለሁ፣ ልጆቹ አሸዋው ላይ ናቸው።

አንቺን የሚወድ ታናሽ ወንድምሽ
ኸባብ

ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ዳር
ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.